ለወታደር ልጅዎ የምስጋና ደብዳቤ አጻጻፍ

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ልጅ ያለው ሐበሻ ወላጅ ኩራቱን ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለዕድር ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ለልጁ ለራሱ ግን እምብዛም አይነግረውም። በእኛ ቤት ልጅ ይመረቃል እንጂ ስለማይመሰገን፣ ስልክ ሲደወል «በላህ ወይ? መቼ ትመጣለህ?» የሚለው ይቀድማል። በመሠረታዊ ሥልጠና ጊዜ ደግሞ ስልክ እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ሥልጠና በምድር ጦሩ 10 ሳምንት ያህል፣ በማሪን 13 ሳምንት የሚፈጅ ሲሆን፣ ምልምሉ ከቤተሰቡ የሚደርሰው ዋነኛ ነገር የወረቀት ደብዳቤ ነው። ምስጋናዎን በጽሑፍ ለማድረስ የሚመቸው ጊዜም ይኸው ነው።

ከመጻፍዎ በፊት ፍርሃትዎን ከምስጋናዎ ይለዩ። በደርግ ዘመን ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ከመንገድ ሲታፈሱ ያየ ወይም ወንድሙን በዘመኑ ጦርነት ያጣ ወላጅ፣ ልጁ በፈቃዱ ፈርሞ ወታደር መሆኑን ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ አስገዳጅ ምልመላ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቀረ ስለሆነ፣ ልጅዎ የገባው ማንም ሳያስገድደው ነው፤ የምስጋናው መነሻም ይህ ምርጫው ነው። የሚበጀው ዘዴ ሁለት ወረቀት መያዝ ነው፦ በአንደኛው ጭንቀትዎን፣ ሕልምዎንና ቅሬታዎን ሁሉ ጽፈው ቤትዎ ያስቀምጡት፤ የሚላከውን በሁለተኛው ይጻፉ። «ናፍቀኸኛል» ማለት ተገቢ ነው፤ «አንተ ከሄድክ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» የሚለው ግን ልጁን ከሥልጠናው በተጨማሪ የእርስዎን እንቅልፍ እንዲሸከም ያደርገዋል።

የደብዳቤው ልብ ልጁ ያደረገውን ነገር ለይቶ መጥራት ነው። «ሀገር ስላገለገልክ አመሰግንሃለሁ» የሚለውን የማያውቁት ሰዎች በአውሮፕላን ማረፊያና በገበያ ይሉታል፤ ከወላጅ የሚጠበቀው ወላጅ ብቻ የሚያውቀው ነው። ለሴት ልጅ ቢሆን እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ልጄ ሆይ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ለሩጫ ስትወጪ በሩን ቀስ አድርገሽ የምትዘጊው እኔን ላለመቀስቀስ እንደነበር አውቅ ነበር። ልሄድ ነው ስትዪኝ ተቆጥቼ ዝም ማለቴን ታስታውሻለሽ፤ አንቺ ግን ዝምታዬን በአክብሮት ታግሠሽ የመረጥሽውን ሥራ ጀመርሽ። ስለዚህ ትዕግሥትሽና ስለ ድፍረትሽ አመሰግንሻለሁ።» ይህን የመሰለ አንድ አንቀጽ ስለ ጀግንነት በጥቅሉ ከሚጻፍ ሦስት ገጽ ይበልጣል። ልጅዎ ከደመወዙ የሚልክልዎ ከሆነ ለዚያም ያመስግኑት፤ ነገር ግን በተለየ ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ አገልግሎቱን የሚያመሰግኑት ለገንዘቡ ብለው እንዳይመስለው።

ቤተሰብዎ በ1951 እ.ኤ.አ. ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጋር ዝምድና ካለው፣ ኢትዮጵያውያኑ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ከአሜሪካውያን ጎን መሰለፋቸውን በአንድ መስመር ማንሳት ልጁን ያኮራዋል። ከአንድ መስመር ካለፈ ግን ደብዳቤው የአያቱ ይሆናል።

መደምደሚያው ምርቃት ይሁን፤ እዚህ ላይ የእኛ ወግ ምንም አይጎድለውም። «ከክፉ ይሰውርህ፣ በሄድክበት ሞገስ ይስጥህ፣ በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ» የሚለው ምስጋናውን ወደ ጸሎት ያሸጋግረዋል። እዚያ ሀገር ያደገ ልጅ አማርኛ ቢሰማም ላያነብ ይችላልና፣ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አጽፈው ምርቃቱን በራስዎ እጅ በአማርኛ ይጻፉት። ባያነበውም የእጅ ጽሑፍዎን ያውቀዋል።

ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ በላቲን ፊደል መሆን አለበት። ልጁ በጦሩ መዝገብ የሚታወቀው በአባቱ ስም ስለሆነ ሙሉ ስሙን እንደተመዘገበ ይጻፉ፤ ሻምበሉን፣ ሻለቃውንና የመቶውን ቁጥርም እርሱ እንደላከልዎ ሳያጓድሉ ይገልብጡ። የቤት ስሙን ፖስታው ላይ አይጻፉ፤ ደብዳቤ የሚታደለው በጓደኞቹ ፊት በመሆኑ «ማሙሽ» የሚለው ስም እስከ ምረቃው ሊከተለው ይችላል። ተራ ነጭ ፖስታ ይበቃል። በሥልጠና ጊዜ ምግብና መድኃኒት አይላኩ፤ ጥቂት ፎቶግራፍና ቴምብር ግን አብረው ቢያስገቡ መልስ ለመጻፍ ይረዳዋል።

ከሥልጠና በኋላ ወደ ውጭ ሀገር ከተመደበ፣ ከከተማው ስም ይልቅ ኤፒኦ (APO) ወይም ኤፍፒኦ (FPO) የሚሉት የጦሩ ፖስታ ቤት ምሕጻሮች፣ ከስቴቱ ይልቅ ደግሞ አካባቢውን የሚያመለክቱት ኤኢ (AE)፣ ኤፒ (AP) ወይም ኤኤ (AA) ይጻፋሉ። የሚገኝበት ሀገር ስም አይጻፍም፤ ከተጻፈ ፖስታው ወደዚያ ሀገር መደበኛ ፖስታ ቤት ሊገባ ይችላል። የሚከፈለው ዋጋ የአሜሪካ የሀገር ውስጥ ዋጋ ነው፤ ለጥቅል ግን የጉምሩክ ቅጽ ይሞላል። ዳቦ ቆሎና በሶ መንገዱን ይችላሉ። ቋንታ ከመላክዎ በፊት ግን ስለ ሥጋ የተከለከለ ነገር መኖሩን ፖስታ ቤቱን ይጠይቁ።

ምስጋናውን በቤትዎ መስኮት ላይ መግለጽ ከፈለጉ ባለ ሰማያዊ ኮከቡ ሰንደቅ አለ። በ1917 እ.ኤ.አ. ይህን ሰንደቅ የነደፈው ሁለት ወንዶች ልጆቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገለግሉ የነበሩ የኦሃዮ ሰው፣ ሻምበል ሮበርት ክዊሰር ነበር። ቀይ ጠርዝ ባለው ነጭ መደብ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰማያዊ ኮከብ ይቀመጣል። የወርቅ ኮከቡ በአገልግሎት ላይ ሕይወቱ ላለፈ ነውና፣ ሲገዙ ቀለሙን አስተውለው ይግዙ።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ሲያመሰግኑት የዩኒፎርም ፎቶው ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ የጦር ክፍሉን ስም፣ ያለበትን ቦታና የጉዞውን ቀን ግን ፈጽሞ አይጻፉ። «ልጄ ማክሰኞ ወደዚህ ሀገር ይበራልና በጸሎት አስቡት» የሚለው ከቅን ልብ የወጣ ቢሆንም፣ የልጁን ብቻ ሳይሆን የጓዶቹንም ጉዞ ያጋልጣል።

ሲመለስ ቡና አፍልተው ዘመድ ቢጠሩ መልካም ነው፤ ታላቅ የሆነ ሰው ቆሞ ይመርቀው፤ እርስዎም ከደብዳቤው አንድ ነገር መርጠው በሰው ፊት ይናገሩ። «ሰው ገድለሃል?» የሚለውን ጥያቄ ማንም እንዳያነሣ ለእንግዶቹ አስቀድመው ቢነግሩ ይበጃል፤ መጠየቁ አይቀርምና።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለማመስገን የሚመቸው ቀን ኖቬምበር 11፣ የቀድሞ ወታደሮች ቀን ነው። በሜይ የመጨረሻ ሰኞ የሚውለው የመታሰቢያ ቀን (ሜሞሪያል ዴይ) ግን በአገልግሎት ላይ የሞቱት የሚታሰቡበት ስለሆነ፣ በዚያ ዕለት «እንኳን አደረሰህ» ከማለት ይልቅ የወደቀ ጓድ እንዳለው ይጠይቁት፤ ካለም በስሙ ሻማ ያብሩለት።