ዳማከሴን ለምች እንዴት እንደምንጠቀምበት

ምች የመታው ሰው ያተኩሰዋል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ከንፈሩ ዳር ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣበታል። ሽንኩርት ስታቁላላ ቆይታ በላቧ ፀሐይ ላይ የወጣች ሴት ስትታመም «ምች መታት» ይባላል። ሐኪሞች የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው ይላሉ፤ ሰውነት ውስጥ አድፍጦ ይቆይና ትኩሳት ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀሰቀሳል። እናቶቻችን ፀሐይን የጠረጠሩት በከንቱ አልነበረም።

ዳማከሴ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ጓሮዎ ውስጥ ከሌለ ገበያ በእስር ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ግን ከጎረቤት ቅርንጫፍ ለምኖ መትከል ይሻላል፦ ስንዝር ያህሉን ቆርጠው የታች ቅጠሉን ይግፈፉና ግማሹን እርጥብ አፈር ውስጥ ይቅበሩት።

ለመድኃኒቱ አንድ እፍኝ ለጋ ቅጠል ቀጥፈው አቧራው እስኪለቅ ይጠቡ። ቀጥሎ በሁለት መዳፍዎ መሐል ይሹት። ሲጀምሩ ምንም የሚወጣው አይመስልም፤ ትንሽ ቆይቶ ይለሰልስና ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ በጣቶችዎ መሐል መውረድ ይጀምራል፣ ሽታውም ያኔ አፍንጫ ይሰረስራል። ውሃ አይጨምሩበት። በንጹሕ ስስ ጨርቅ ጨምቀው ያጥልሉት፤ ነጭ ነጠላዎን ግን ያርቁ።

የታሸውን ቅጠል ያሽትቱ፣ ጭማቂውን ግንባርና ሰውነት ላይ ይቀቡ። ጥቂት ጠብታ ትኩስ ቡና ውስጥ አድርገው ከጠጡ በኋላ ጋቢ ተከናንበው ይተኙ። ስኳር ቢኖረው ይሻላል፣ ይመራል።

የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ቅጠሉን በአይጦች ላይ ሞክረው ትኩሳት እንደሚያበርድ አይተዋል። የአይጥ ውጤት ግን ለሰው ስንት ጠብታ እንደሚበቃ አይነግርም፤ ስለዚህ «በዛ ቢል ምን አለበት» አይበሉ። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ባይጠጣ ይመረጣል፣ ዓይን ውስጥም አይግባ። ቁስሉ እስኪደርቅ ሲኒ አይጋሩ፤ ጉርሻና ሕፃን መሳምም ይቆይ።

ትኩሳቱ በ2 ቀን ካልበረደ ወይም አንገት ከደረቀ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ከቆላ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው ደግሞ ቅጠል ከመቅጠፉ በፊት የወባ ምርመራ ያድርግ።