ፎልደር ስንከፍት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ባለ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የምረቃ ሰሞን ቤቱ ይጨናነቃል። መመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዝ፣ ሲቪ የሚያስተካክል፣ ፍላሹን ጨብጦ የሚሮጥ ተማሪ በር ላይ ይሰለፋል። ከሁሉም አብልጬ የምሰማው ቃል "ፋይሌ ጠፋ" የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋይሉ አልጠፋም። ባለቤቱ የትኛው መስኮት ውስጥ እንዳለ ስላላወቀ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ፎልደር የሚከፍትልን ፋይል ኤክስፕሎረር ነው፤ ታስክባር ላይ ያለችው ቢጫ ምልክት። ብዙ ሰው ይህ መስኮት በራሱ ፈቃድ የሚከፈት ይመስለዋል። አይደለም፤ የት እንደሚከፈት፣ ስንት መስኮት እንደሚሆን፣ መጀመሪያ ምን እንደሚያሳይ የምንወስነው እኛ ነን።

ለእያንዳንዱ ፎልደር አዲስ መስኮት መክፈት

አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። እንባዋ አይኗ ላይ ደርሷል። "ወንድሜ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያረምኩት ምዕራፍ የለም" አለችኝ። ስክሪኑን ሳየው 11 መስኮት ተደራርቦ ተከፍቷል። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ አናታቸው ላይ "ቴሲስ" ይላሉ። አንዱ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ፎልደር ነው፤ ሌላው ፍላሽ ላይ ያለው። ሌሊት ያረመችው የፍላሹን ነው። ጠዋት ከፍታ ያየችው ደግሞ የዴስክቶፑን።

መስኮቱ አናት ላይ ያለውን የአድራሻ መስመር ባዶው ቦታ ላይ ክሊክ አደረግኩት። ሙሉው አድራሻ ወጣ። በሲ ይጀምራል። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረግኩ። በኢ ይጀምራል። ኢ ፍላሿ ነው። ወዲያው ገባት። የታረመው ምዕራፍ እዚያው ቁጭ ብሏል።

ይህ አከፋፈት የቆየ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 95 ሲጀመር እያንዳንዱን ፎልደር በየራሱ መስኮት ነበር የሚከፍተው። ከዚያ በኋላ የመጡት ዊንዶውሶች በአንድ መስኮት ውስጥ መቀጠልን የተለመደ አደረጉት። አሮጌው ምርጫ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልተነሳም። ኮምፒውተራችሁ ፎልደር በከፈታችሁ ቁጥር አዲስ መስኮት የሚያወጣ ከሆነ አንድ ሰው ያንን ምርጫ ነክቶታል ማለት ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ "ቪው" የሚለውን ከፍታችሁ በቀኝ ጫፍ "ኦፕሽንስ" በሉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ደግሞ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ "ኦፕሽንስ" ትላላችሁ። "ብራውዝ ፎልደርስ" በሚለው ሥር ሁለት ምርጫ አለ። "ሴም ዊንዶው" የሚለውን ምረጡና "ኦኬ" በሉ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ መስኮት ሲያስፈልጋችሁ ብቻ ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ "ኦፕን ኢን ኒው ዊንዶው" ትላላችሁ። ዊንዶውስ 11 ያላችሁ ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣውን ታብ ተጠቀሙ። ኮንትሮልና ቲን አንድ ላይ ስትጫኑ እዚያው መስኮት ውስጥ አዲስ ታብ ይከፈታል። ሥራ የሚበዛባችሁ ከሆነ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሁለት መስኮት ከፍቶ ሳያስተውሉ መጎተት

ከላይ መስኮት አታብዙ ብያለሁ። ፋይል ከቦታ ወደ ቦታ ስታሻግሩ ግን ሁለት መስኮት ጎን ለጎን መክፈት ጥሩ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና የግራ ቀስትን ስትጫኑ አንዱ ግማሹን ስክሪን ይይዛል። ሌላውን በቀኝ ቀስት። አስቸጋሪው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ጣና ዳር ሙሽሮችን የሚያነሳ አንድ ወዳጅ አለኝ። ዲ ድራይቭ ላይ፣ ማለትም በዲ ፊደል በሚታወቀው የኮምፒውተሩ ማከማቻ ክፍል ውስጥ፣ "ሰርግ" የሚል ፎልደር ነበረው። እዚያው ዲ ላይ ወዳለው "ባክአፕ" ጎተተው። ኮፒ ያደረገ መስሎታል። ከሳምንት በኋላ ቦታ ሲጠበው ባክአፑን ሺፍትና ዲሊት ተጭኖ አጠፋው። ሺፍት ሲጨመር ፋይሉ ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባም፤ በዚያው ይሄዳል። ዋናውን ልክፈት ሲል ቦታው ላይ የለም። ለካ የመጀመሪያ ቀን ፎልደሩ ኮፒ አልሆነም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። ፊቱ ሲለወጥ አሁንም ይታየኛል። ሰርግ እኮ ሁለት ጊዜ አይነሳም።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ በአንድ ድራይቭ ውስጥ ስትጎትቱ ፋይሉ ቦታ ይቀይራል። ወደ ሌላ ድራይቭ፣ ለምሳሌ ወደ ፍላሽ ስትጎትቱ ግን ኮፒ ይሆናል። እጃችሁ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት። ኮንትሮልን ይዛችሁ ከጎተታችሁ ሁልጊዜ ኮፒ ነው። ሺፍትን ከያዛችሁ ሁልጊዜ ቦታ መቀየር ነው። እኔ ለሁሉም የምመክረው በማውሱ የቀኝ ቁልፍ መጎተትን ነው። ስትለቁት ኮፒ ላድርግ ወይስ ቦታ ልቀይር ብሎ ይጠይቃችኋል። ተሳስታችሁ ከሆነም ሌላ ሥራ ሳትጀምሩ ኮንትሮልና ዜድ ተጫኑ፤ ይመልሰዋል።

የመጀመሪያውን ገጽ እንዳለ መተው

ይህ በተለይ እንደኛ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላላቸው ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ሲከፈት በቅርብ የተነኩ ፋይሎችን ዘርዝሮ ያሳያል። ለቤት ኮምፒውተር ይመቻል። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግን የሰው ምሥጢር ነው። አንዲት እናት ማመልከቻ አጽፈው ወጡ። ቀጥሎ የገባው ደንበኛ ፍላሹን ሰክቶ መስኮቱን ሲከፍት የፋይሉ ስም አናት ላይ ተቀምጦ ነበር። የፍቺ ማመልከቻ ነው። ስማቸውም አለበት። ከተማዋ ትልቅ ብትሆንም ሰው ይተዋወቃል። ያን ቀን በጣም ተሰማኝ። ሥራ ስዘጋ ሁሉንም ማሽን አስተካከልኩ።

እናንተም አድርጉት። እዚያው "ኦፕሽንስ" ውስጥ ከላይ "ኦፕን ፋይል ኤክስፕሎረር ቱ" የሚል አለ፤ እሱን "ዚስ ፒሲ" አድርጉት። ከታች "ፕራይቬሲ" በሚለው ሥር በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችንና ፎልደሮችን የሚያሳዩትን ሳጥኖች ምልክታቸውን አንሱ። ከዚያ "ክሊር" በሉ። ደንበኛ የሚያምነን እጃችን ላይ ወረቀቱን ስለሚተው ብቻ አይደለም፤ ስሙንም ስለሚተው ነው።

ፕሮጀክተር ላይ የቀረ መስኮት

መመረቂያ ጽሑፍ ለማቅረብ የቆማችሁ ይህን ልብ በሉ። ፕሮጀክተር ሲሰካ ስክሪኑ "ኤክስቴንድ" ላይ ከሆነ፣ ማለትም ላፕቶፑና ፕሮጀክተሩ የየራሳቸውን ነገር የሚያሳዩ ከሆነ፣ ፎልደሩ የማታዩት ስክሪን ላይ ሊከፈት ይችላል። መስኮቱ አልተከፈተም ብሎ ደጋግሞ ክሊክ ማድረግ ችግሩን ያባብሳል። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍትና የግራ ወይም የቀኝ ቀስት አንድ ላይ ተጫኑ፤ የተመረጠው መስኮት ወደ ሌላው ስክሪን ይዘላል። ሁለቱም ቦታ አንድ ነገር እንዲታይ ከፈለጋችሁ የዊንዶውስ ቁልፍና ፒን ተጫኑና "ዱፕሊኬት" የሚለውን ምረጡ።

ነገ ልቀጥል ብሎ መስኮቶችን ክፍት መተው

"ኦፕሽንስ" ውስጥ፣ "ቪው" በሚለው ገጽ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የነበሩ ፎልደሮችን መልሶ የሚከፍት ምርጫ አለ። ጥሩ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን በእሱ አትተማመኑ። ሁልጊዜ የምትሠሩበትን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርጋችሁ "ፒን ቱ ክዊክ አክሰስ" በሉት። በግራ በኩል ተሰክቶ ይቆያል።

ፍላሽ ሲሰካ በራሱ እንዲከፈት መፍቀድ

ፍላሽ እንደተሰካ መስኮቱ በራሱ ቢከፈት ምቹ ይመስላል። ከብዙ እጅ የሚመጣ ፍላሽ ለሚቀበል ሰው ግን አይመከርም። ሾርትከት ቫይረስን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። እውነተኛ ፎልደሮችን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት፣ ያስቀምጣል። ያንን ሁለት ጊዜ ክሊክ ስታደርጉ ቫይረሱን ራሳችሁ አስነሳችሁት ማለት ነው።

"ሴቲንግስ" ውስጥ "አውቶፕሌይ" ብላችሁ ፈልጉና ፍላሽን "ቴክ ኖ አክሽን" ላይ አድርጉት። ከዚያ በአንቲቫይረስ ሳትፈትሹ አትክፈቱ። ስትከፍቱም የፎልደሩን ምልክት በግራ በታች ጥጉ እዩት። ትንሽ የታጠፈች ቀስት ካለችበት ፎልደር አይደለም፤ አትንኩት። የተደበቀው ዋናው ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ፍላሽ ላይ ነው። ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ ለማየት "ሂደን አይተምስ" የሚለውን ማብራት ብቻ ላይበቃ ይችላል። "ኦፕሽንስ" ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክትም ማንሳት ያስፈልጋል። ፋይላችሁን ካወጣችሁ በኋላ ምልክቱን መልሱት፤ የሲስተም ፋይል በስህተት እንዳይጠፋ።

ፍላሹን ስታወጡ ደግሞ "ዕቃው ሥራ ላይ ነው" የሚል መልእክት ከመጣ በጉልበት አትንቀሉት። ብዙ ጊዜ ከፍላሹ ላይ የተከፈተ ፋይል ወይም የፍላሹ መስኮት የሆነ ቦታ ተደብቆ ክፍት አለ። ሁለቱንም ዝጉና እንደገና "ኢጀክት" በሉት።