ኢንዲዛይን ስታሻሽሉ የአማርኛ ፋይላችሁን የሚጎዱ ስህተቶች

ከዓመታት በፊት የታተመ መጽሐፍ ለሁለተኛ እትም ይመጣል። ደራሲው ቸኩሏል፤ ማተሚያ ቤቱም ቀን ቆርጧል። ፋይሉ ገጽ በምናቀናብርበት ፕሮግራም፣ በአዲሱ ኢንዲዛይን፣ ሲከፈት ገጹ ጨምሯል፣ ግማሹ ጽሑፍም የማይነበብ የላቲን ፊደል ሆኗል። መጽሐፍና መጽሔት የሚያቀናብር ሁሉ ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ከፊሉ የሶፍትዌር ኩባንያዎቹ ጥፋት ነው። ብዙውን ግን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

ሥራ መሃል ላይ ማሻሻል

በአዲሱ ቨርዥን ሴቭ የተደረገ ፋይል በአሮጌው በቀጥታ አይከፈትም። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ካሻሻለ፣ ሌሎቹ የእሱን ሥራ መክፈት ያቅታቸዋል። ወደኋላ የሚመልሰው መንገድ ፋይሉን አሮጌውም በሚያነበው በአይዲኤምኤል ፎርማት ማውጣት ነው። ይህ ፎርማት ሲኤስ4 ከተባለው የኢንዲዛይን ቨርዥን ጀምሮ አለ። አዲሱ ቨርዥን ብቻ የሚያውቃቸው ነገሮች ግን መንገድ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ በተጀመረበት ቨርዥን ይለቅ። የድሮ ፋይል በአዲሱ ስትከፍቱም በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ።

አሮጌው ቨርዥን ሲጠፋ ዝም ማለት

ክሪኤቲቭ ክላውድ፣ የኢንዲዛይን ሠሪው የአዶቢ ፕሮግራም መጫኛ፣ ሲያሻሽል፣ ካልከለከላችሁት በቀር፣ የቀድሞውን ቨርዥን ያጠፋዋል። የማጥፋቱ ምርጫ ‹አድቫንስድ ኦፕሽንስ› ውስጥ ነው፤ ምልክቱን አንሱት። በራሱ ጊዜ እንዳያሻሽልም ከልክሉት። በኋላ አወርደዋለሁ ማለት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አዶቢ ለአብዛኛው ደንበኛ የሚያቀርበው የቅርቡን ዋና ቨርዥንና ከእሱ በፊት የነበረውን ብቻ ነው። ሰው ከፍሎ የለመደውን መሣሪያ እንዲህ መነጠቁ ልክ አይመስለኝም።

ፎንት ስቀይር ፊደሉ ይመለሳል ብሎ ማሰብ

ይኼኛው የእኛው የአማርኛ ሠራተኞች ችግር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ባስቀመጡ ፎንቶች ነበር። አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ነው። የእኛዎቹ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ሲሰሉ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ አንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው። ሌላው ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀመጠ። ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሄደ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

እንግዲህ ‹ሰላም› ብላችሁ የምታነቡት ቃል ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው በላቲን ምልክቶች ነው። ሰላም የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ወደ ዩኒኮድ ፎንቶች፣ ወደ ኒያላ ወይም ወደ ኖቶ፣ ስትቀይሩት እነዚያው ምልክቶች ፊታችሁ ይደረደራሉ። ጽሑፉ ራሱ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ አለበት።

መቀየሪያውን ደግሞ በጅምላ አትልቀቁት። መጽሐፉ ውስጥ እንግሊዝኛ ካለ እሱም አብሮ ትርጉም የለሽ አማርኛ ይሆናል። መጀመሪያ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ፎንት እንደተሠራ በ‹ፋይንድ ፎንት› እዩ። ከዚያ የአማርኛውን ብቻ፣ ፎንት በፎንት ለውጡ። ሲያልቅ አራት ነጥብን ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ነጥብ ተደርድሮ ‹፡፡› ሆኖ ይመጣል። ለዓይን ከ‹።› አይለይም፣ ፍለጋ ላይ ግን አይገናኙም። ዲቃላ ፊደላት፣ ትምህርተ ጥቅስና የግዕዝ ቁጥሮችም ስህተት የሚበዛባቸው ናቸው። በመጨረሻ አንድ ሰው፣ ቢቻል አርታኢው፣ ሙሉውን ከታተመው መጽሐፍ ጋር እያስተያየ ያንብበው። ይህን ንባብ ለመዝለል የሚያበቃ ችኮላ የለም።

‹የእኔ ፋይል በአዲሱም ይከፈታል፣ ምን አስጨነቀኝ› የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ትሩታይፕ በሚባለው ዓይነት የተሠሩ የድሮ ፎንቶች ዛሬም ይሠራሉ። ጽሑፉ ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጥ ግን ዝብርቅርቁ ይወጣል፤ ፒዲኤፉ ውስጥም አንድ የአማርኛ ቃል ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛ እትም ሲመጣ ለውጡን አብራችሁ ጨርሱት።

ታይፕ 1 ፎንቶችን መርሳት

አዶቢ ታይፕ 1 ለሚባሉት የድሮ ዓይነት ፎንቶች የሚሰጠውን ድጋፍ በጃንዋሪ 2023 አቁሟል። ፎንቱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ቢኖርም አዲሱ ኢንዲዛይን የለም ይላችኋል። ስማቸው በፒኤፍቢ ወይም በፒኤፍኤም የሚያልቅ የፎንት ፋይሎች ካሏችሁ፣ ምትካቸውን ከማሻሻላችሁ በፊት አዘጋጁ።

ገጹን ሳያስተያዩ ማተሚያ ቤት መላክ

መጀመሪያ የታተመበትን ፒዲኤፍ ከአዲሱ ጎን ክፈቱት። የየገጹን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቃል አስተያዩ። አንድ መስመር ከተንሸራተተ እዚያ ይታወቃል። ከተንሸራተተ ማውጫውና መጠቁሙም እንደገና መሠራት አለባቸው።

አሮጌውን ኮምፒውተር መጣል

የድሮው የገጽ ማቀናበሪያ፣ የፔጅሜከር፣ የመጨረሻው ዋና ቨርዥን፣ ሰባተኛው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በእሱ የተሠራ መጽሐፍ ካላችሁ ኢንዲዛይን ሲኤስ6 ይከፍተዋል፤ ከዚያ በአይዲኤምኤል አውጥታችሁ ወደ አዲሱ ትወስዱታላችሁ። ሲኤስ6 ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የማክ ሲስተም ከካታሊና ጀምሮ አይነሳም፤ እሱ የድሮው 32 ቢት ፕሮግራም ነው፣ ካታሊና ደግሞ እነዚህን አይቀበልም። ያንን አሮጌ ማሽን ሲስተሙን ሳትነኩ አስቀምጡት።

ኪራዩ ሲያልቅ ያለ መውጫ መቅረት

ሲኤስ6 በአንድ ክፍያ የተሸጠው የመጨረሻው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ያለው ኪራይ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ የራሳችሁን ፋይል በኢንዲዛይን መክፈት አትችሉም። አገር ቤት ላለ ሰው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ራሱ ፈተና ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ሲሰላ ይበልጥ ከብዷል። እያንዳንዱ ሥራ ሲያልቅ በ‹ፓኬጅ› ሰብስቡት፤ ፎንቱን፣ ፎቶውን፣ አይዲኤምኤሉንና ፒዲኤፉን አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። ሌሎቹ የገጽ ማቀናበሪያዎች፣ አፊኒቲም (የቀድሞው አፊኒቲ ፐብሊሸር) ስክራይበስም፣ አይዲኤምኤል ይከፍታሉ። የኢንዲዛይንን ዋና ፋይል ግን ሁለቱም አይከፍቱም።