«በስምንት ሰዓት ይለቅ»፦ የጠብታ ስሌት ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጀማሪ ነርስ ሳለሁ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ላይ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ዙር ላይ የነበረው ሐኪም ከዘጌ የመጡ አንዲት እናት አልጋ አጠገብ ቆመና «አንድ ሊትር ሳላይን፣ በስምንት ሰዓት ይለቅ» ብሎ አለፈ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ከአምስት እስከ ስምንት ሦስት ሰዓት አለ። አሰላሁት፣ 111 ጠብታ በደቂቃ መጣ። ከፈትኩት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር በዚያ ስታልፍ ቆም አለች። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው? ጢስ ዓባይ ነው እንዴ?»

ሐኪሙ ያለው ለስምንት ሰዓት ያህል ይውረድ ነው። 42 ጠብታ። እኔ የሰማሁት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይለቅ የሚለውን ነው። እማማ ደግሞ ልባቸው ደከም ያለ ነው፣ ውኃው በዚያ ፍጥነት ቢቀጥል ሳንባቸው ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ደግነቱ የገባው 110 ሚሊ ገደማ ነው። ስሌቴ ግን አንድም ስህተት አልነበረበትም! እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት የቋንቋችን ነው። «በስምንት ሰዓት» ሁለት ነገር ነው። በቃል ትእዛዝ ስትቀበሉም ሆነ ስታረካክቡ «ለስምንት ሰዓት ያህል» ወይም «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ» በሉ። ካርዱን ሳታዩ ደግሞ አትክፈቱ። እኔ ካርዱን ባየው ኖሮ በግልጽ ተጽፏል። ሌላም ጣጣ አለ፦ ካርዱ ላይ የምንጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ የምናወራው በሐበሻ። አንዷ «ስድስት ሰዓት ላይ ይቀየር» ትላለች፣ ሌላዋ ካርዱ ላይ 6:00 ብላ ትጽፋለች። ያ ደግሞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እኔ አሁን ከረጢቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ የተጀመረበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት እጽፋለሁ፣ መሃል ላይም በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት ምልክት አደርጋለሁ። በሩቁ እያየሁ አውቀዋለሁ።

ቀመሩን ታውቁታላችሁ። የፈሳሹ መጠን በሚሊ፣ ሲባዛ አንድ ሚሊ ስንት ጠብታ እንደሆነ፣ ሲካፈል ለደቂቃ። 1000 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ480፣ 41.7 ይመጣል። 42 እንላለን።

ያቺ 20 ግን ከየት መጣች? ሁለተኛው ስህተት እዚህ ነው። ትምህርት ቤት በ20 ስለለመድን ሁሉም ሴት (ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ) በሚሊ 20 ጠብታ ይመስለናል። ትልቅ ጠብታ የሚያወርደው በ10፣ በ15 ወይም በ20 ይመጣል፣ ትንንሽ ጠብታ የሚያወርደው ማይክሮ 60 ነው። ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ችግሩ፣ ማሸጊያውን ቀደን ቅርጫት ውስጥ ከጣልን በኋላ ነው የምናሰላው። ለ20 ያሰላችሁትን 42 ጠብታ በ15 ሴት ብታወርዱ ሊትሩ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። በማይክሮ ብታወርዱት ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል።

የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው። 14 ኪሎ ሕፃን አለ እንበል። የቀን ተቀን ፍላጎቱን ስናሰላ በየሰዓቱ ለመጀመሪያው 10 ኪሎ በኪሎ 4 ሚሊ፣ ለቀጣዩ 10 ኪሎ በኪሎ 2 ሚሊ፣ ከዚያ በላይ ላለው 1 ሚሊ እንይዛለን። ስለዚህ 40 እና 8፣ በሰዓት 48 ሚሊ። በማይክሮ ከሆነ 48 ጠብታ በደቂቃ ነው፣ ምክንያቱም በማይክሮ የሰዓቱ ሚሊና የደቂቃው ጠብታ አንድ ቁጥር ነው። አሁን ማይክሮ አልቆ በ20ው ሴት ተቀየረ፣ ተረኛዋ ግን ካርዱ ላይ «48 ጠብታ» የሚለውን አይታ ቀጠለች። ልጁ በሰዓት 144 ሚሊ እየወሰደ ነው፣ ሦስት እጥፍ! ለዚህ ነው ካርድ ላይ ጠብታውን ብቻ አትጻፉ የምለው። በሰዓት ስንት ሚሊ እንደሆነ ከጎኑ ይኑር። ሴት ሲቀየር ጠብታው ይቀየራል፣ ሚሊው ግን እዚያው ነው። ለሕፃን ቡሬት (ከከረጢቱ በታች ያለው፣ የተለካ ፈሳሽ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ) ካለ ደግሞ እባካችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ ቢያመልጣችሁ እንኳ የሚገባው ቡሬቱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

«አንድ ሰዓት ተኩል»ን 1.30 ብሎ ካልኩሌተር ውስጥ መክተት ሌላው ነው። ሲባዛ በ60፣ 78 ደቂቃ ይሰጣችኋል። አንድ ሰዓት ተኩል 90 ደቂቃ ነው።

ቶሎ ማጠጋጋትም አለ። በሰዓት 35 ሚሊ የታዘዘለት ሕፃን በደቂቃ 0.58 ሚሊ ይደርሰዋል። «ወደ 1 ይጠጋል» ካላችሁ ከ35 ማይክሮ ጠብታ ወደ 60 ዘለላችሁ። የሚጠጋጋው መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጠብታ ብቻ ነው፣ ግማሽ ጠብታ ስለሌለ።

የማይክሮግራሙ ነገር ብዙ ሰው ያስጨንቃል፣ ግን መንገዱ አንድ ነው፦ መጀመሪያ አሃዱን አንድ ማድረግ። 60 ኪሎ ሰው፣ ዶፓሚን (የደም ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት) በኪሎ 5 ማይክሮግራም በደቂቃ። 300 ማይክሮግራም በደቂቃ፣ በሰዓት 18,000፣ ማለትም 18 ሚሊግራም። 200 ሚሊግራሙ በ500 ሚሊ ከተበጠበጠ አንዱ ሚሊ 0.4 ሚሊግራም ይይዛል። 18 ሲካፈል ለ0.4፣ 45 ሚሊ በሰዓት። እዚህ የሚሳሳት ሰው በትንሹ አይሳሳትም፣ ወይ በ60 ወይ በ1000 እጥፍ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ለየብቻ ያስላው። አንዷ አስልታ ሌላዋ «አዎ ልክ ነው» ማለቷ ማረጋገጥ አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ስህተቱ ማስላቱ ራሱ ነው። አተት በገባ ጊዜ አንዲት ልጅ ዓይኑ የጎደጎደ፣ የልብ ምቱ የማይዳሰስ ታማሚ አጠገብ ቆማ ጠብታ ስትቆጥር አይቻለሁ። 50 ኪሎ ለሆነ አዋቂ ሪንገር የተባለው ፈሳሽ በኪሎ 30 ሚሊ በመጀመሪያው 30 ደቂቃ ይገባል፣ 1500 ሚሊ ማለት ነው። በ20ው ሴት 1000 ጠብታ በደቂቃ! ማን ይቆጥረዋል? ሰፊ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ)፣ ካስፈለገም በሁለቱም እጅ፣ ሙሉ በሙሉ ክፈቱና ከረጢቱንና ሰዓቱን ተከታተሉ። ቆጠራው ከዚያ በኋላ ለሚቀረው በኪሎ 70 ሚሊ ነው፣ እሱ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይገባል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ጊዜው ይረዝማል፦ የመጀመሪያው በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ቀሪው በአምስት ሰዓት ውስጥ።

ወደኋላ የቀረውን ለማካካስ መክፈትም የተለመደ ነው። ለስምንት ሰዓት ከታዘዘው ሊትር፣ ከተጀመረ አራት ሰዓት አልፎ 300 ሚሊ ብቻ ገብቷል፣ ርክክብ ደርሷል፣ ሰው ያፍራል። የቀረውን 700 በአራት ሰዓት ለመጨረስ 58 ጠብታ ያስፈልጋል። ከ42 ወደ 58 ሲዘል ፍጥነቱ በ38 በመቶ ገደማ ጨመረ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ፣ አረጋዊ ወይም ሕፃን ከሆነ ይህን ብቻችሁን አትወስኑ። መጀመሪያ ለምን ዘገየ በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ክርኑን አጥፎ ተኝቶ ነው፣ ወይ ካኑላው የገባበት ቦታ አብጧል። በነገራችን ላይ ጠብታ ስትቆጥሩ 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለ42 ያስኬዳል፣ ለዝግተኛ ጠብታ ግን ሙሉ ደቂቃውን ቁጠሩ። ታማሚው ከተነሣ ከተቀመጠም እንደገና።

ሁሉንም አስተካክላችሁ ስትሄዱ አስታማሚ ይመጣል። አንዴ ከደቅ ደሴት የመጣ አንድ ጎረምሳ አባቱን ያስታምም ነበር። በ42 አስተካክዬ ሄድኩ፣ ስመለስ በጅረት ይወርዳል። ፍጥነቱን የምትቆጣጠረውን ትንሿን ጎማ ያላላት እሱ ነው። «ምነው?» ብለው፣ «ሲስተር፣ ጉሉኮሱ ቶሎ ካላለቀ ጀልባው ያመልጠናል» አለኝ። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ተውኩት፣ ማንም አልነገረውማ። አሁን ከሐይቁ ማዶ የመጣ ታማሚ ላይ ስሰቅል፣ አስታማሚውን ቀድሜ የምጠይቀው «ጀልባችሁ ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ነው።