የድሮ የኬሚስትሪ ፈተና ስትሠሩ የተሳሳቱትን ምርጫዎችም አጥኗቸው

ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኬሚስትሪ የምታጠኑ ልጆች፣ የድሮ ፈተና ስትሠሩ ትክክለኛውን ፊደል አክብባችሁ ብቻ አትለፉ። የቀሩት ምርጫዎች ለምን ስህተት እንደሆኑም ጻፉ። ብዙ ጊዜ ተማሪ በሚሳሳትበት መንገድ ተሰልተው የገቡ ናቸው።

ለምሳሌ 4 ግራም ሃይድሮጅንና 16 ግራም ኦክስጅን ተዋህደው ስንት ግራም ውሃ ይሰጣሉ ቢባል፣ መልሱ 18 ነው። ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነዋ። በሃይድሮጅኑ ያሰላ ልጅ ግን 36 ያገኛል፤ 36ም ምርጫው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል! ሴልሺየስን ወደ ኬልቪን፣ ሚሊ ሊትርን ወደ ሊትር መቀየር መርሳትም እንደዚሁ ነው።

የመልስ ቁልፉን መጀመሪያ አትክፈቱ። በቴሌግራም የሚዞረው ቁልፍ ራሱ ስህተት አያጣውም፤ ካልተስማማችሁ መጽሐፉን አገላብጡ፣ መምህራችሁን ጠይቁ። የመማሪያ መጽሐፉ ስለተቀየረ፣ አሁን በማትማሩት ርዕስ ላይ የመጣ ጥያቄ ካለ ዝለሉት። የሳታችሁትን በየርዕሱ ለይታችሁ ደብተር ላይ መዝግቡ። የአንዱን ዓመት ፈተና ግን ሳትነኩ አቆዩትና በመጨረሻው ሳምንት ሰዓት ይዛችሁ፣ ያለ ካልኩሌተር ሥሩት።