ቨርችዋል ማሽን ውስጥ ሶፍትዌር አልጫን ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ሶፍትዌሩ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ያለ ኮሽታ ይጫናል። ቨርችዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ ሲሆን ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ይገተራል፣ ወይም ገና ሲነኩት ይዘጋል። አብዛኛው ሰው ይሄኔ የኤረር መልእክቱን ኮፒ አድርጎ የሶፍትዌሩን ችግር ፍለጋ ይወጣል። ይህ ብዙውን ጊዜ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሶፍትዌሩ ምንም አልሆነም፤ የጎደለው ነገር ያለው ማሽኑ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናውን ኮምፒውተር ሆስት፣ በውስጡ የሚሠራውን ሲስተም ጌስት እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይሞክሩ። እዚያው ጌስት ውስጥ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይጫኑ። እሱም እምቢ ካለ ጥፋቱ የጋራ ነው ማለት ነው፦ ኔትወርክ፣ ዲስክ ወይም ሰዓት። ትንሹ በሰላም ገብቶ ትልቁ ብቻ ካስቸገረ ደግሞ ወደ ራም፣ ወደ ፕሮሰሰርና ወደ ግራፊክስ ይሂዱ። ይህች ሙከራ ብዙ ድካም ታስቀራለች።

ምንም ከመነካካትዎ በፊት ስናፕሾት ይውሰዱ፤ ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚመልስዎት የማሽኑ ቅጂ ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን ያጥፉት። ስናፕሾት ተከማችቶ ሲቆይ የሆስቱን ዲስክ ቀስ በቀስ ይበላል።

«ቦታ የለም» ይላል፣ ዲስኩን ግን አሁን ነው ያሰፋሁት

ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ማሽኑን በ20 ጊጋባይት ዲስክ ሠርተውት ነበር። ሞላ። ቨርችዋል ማሽን ከሚያስኬዱት ፕሮግራሞች፣ ከቨርችዋልቦክስ ወይም ከቪኤምዌር፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው 60 አደረጉት። ጌስቱን ሲከፍቱት አሁንም «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ይላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከውጭ ሆነው ያሰፉት ዲስኩን ብቻ ነው። በውስጡ ያለው ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍፍል) አሁንም 20 ላይ ነው። ከፓርቲሽኑ በላይ ያለው፣ ፋይሎቹን የሚያደራጀው ፋይል ሲስተምም እንዲሁ። ሦስቱም በተራ መስፋት አለባቸው።

ሊኑክስ ላይ ከሆኑ «ኤልኤስቢኤልኬ» (lsblk) የሚለውን ኮማንድ ይስጡ። ዲስኩ 60፣ ከሥሩ ያለው ፓርቲሽን 20 ብሎ ካሳየ ጉዳዩ ተገኘ። ፓርቲሽኑን በ«ግሮውፓርት» (growpart) ያሰፉታል። ቀጥሎ ፋይል ሲስተሙን፣ ኢኤክስቲ4 ከሆነ በ«ሪሳይዝ ቱ ኤፍኤስ» (resize2fs)፣ ኤክስኤፍኤስ ከሆነ በ«ኤክስኤፍኤስ ግሮውኤፍኤስ» (xfs_growfs)። መሃል ላይ ኤልቪኤም (የዲስክ ቦታን የሚያከፋፍል የሊኑክስ ሥርዓት) ካለ አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለ፤ እሱንም አይዝለሉት።

ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ደግሞ ዲስኩን ጭራሽ ሳይነኩትም ይኸው ችግር ሊገጥምዎት ይችላል። ሲጫን የቀረበልዎትን የኤልቪኤም ምርጫ እንዳለ ከተቀበሉ፣ 40 ጊጋባይት ሰጥተውት ሲስተሙ 20 አካባቢ ብቻ ይወስዳል። የቀረው ጠፍቶ አይደለም። ለማንም ሳይመደብ ቁጭ ብሏል። «ኤልቪኤክስቴንድ» (lvextend) ፋይል ሲስተሙንም አብሮ እንዲያሰፋ ከሚያደርገው ምልክት ጋር ሲሰጥ ያመጣዋል።

ዊንዶውስ ላይ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብተው «ኤክስቴንድ ቮልዩም» ይላሉ። ቁልፉ ደብዝዞ አልነካም ካለ ሥዕሉን ይመልከቱ። በሲ ድራይቭና በባዶው ቦታ መካከል ሪከቨሪ ፓርቲሽን ተጋድሞ ይሆናል። ዊንዶውስ የሚያሰፋው አጠገቡ ወዳለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ያንን ፓርቲሽን ማዛወር ወይም ማንሳት ግድ ይላል። ስናፕሾቱ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

ዲስኩ ሰፊ ሆኖም «ቦታ የለም» የሚልበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ሊኑክሶች ላይ ቴምፕ ፎልደሩ ያለው ራም ውስጥ ነው። ትልቅ ኢንስቶለር ፋይሉን እዚያ ሲዘረግፍ ይሞላል። ጊዜያዊ ፎልደሩን ዲስክ ላይ ወዳለ ሌላ ቦታ ያዙሩለት።

የሆስቱን ዲስክም አይርሱ። እያደገ የሚሄድ ቨርችዋል ዲስክ ከሆነ፣ ጌስቱ ገና ቦታ አለኝ እያለ ሆስቱ ሊሞላ ይችላል። ቨርችዋልቦክስ እንዲህ ሲሆን ማሽኑን ፖዝ አድርጎ ያቆመዋል። መጫኑ «ፍሪዝ አደረገ» የሚባለው አንዳንዴ ይኸው ነው።

ዳውንሎድ ላይ ይቆማል

ሆስቱ ላይ ኢንተርኔት አለ፤ ጌስቱ ግን ምንም አያወርድም። በመጀመሪያ ጌስቱ ያገኘውን አይፒ አድራሻ ይዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሰጠው የለም፤ የኔትወርክ ካርዱ «ኬብል ኮኔክትድ» የሚለው ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ። ቨርችዋልቦክስ ላይ «ናት» (NAT፣ ጌስቱ በሆስቱ በኩል ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበትን) ከመረጡ አብዛኛውን ጊዜ 10.0.2.15 ነው የሚያገኙት። ጌስቱን ከሆስቱ ጋር ብቻ የሚያገናኘውን «ሆስት ኦንሊ» ከመረጡ ግን ኢንተርኔት አይጠብቁ። የተሠራው ለዚያ አይደለም።

አድራሻው ደህና ከሆነ አንድ ጊዜ በቁጥር፣ አንድ ጊዜ በስም ይሞክሩ። በቁጥር ሄዶ በስም እምቢ ካለ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው። ላፕቶፑን ከአንድ ዋይፋይ ወደ ሌላ ይዘው ሲዞሩ፣ ጌስቱ የድሮውን ዲኤንኤስ ይዞ ሊቀር ይችላል። ግንኙነቱን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ዲኤንኤሱን በእጅ ይሙሉ። ግንኙነት መፈተሻው ፒንግ ብቻውን ምስክር እንዳይሆንዎት፤ ናት ውስጥ ፒንግ እምቢ እያለ ዳውንሎዱ ሊሠራ ይችላል።

ቪፒኤን ሆስቱ ላይ ካለ ከብሪጅ ይልቅ ናት ይምረጡ። ናት በሆስቱ በኩል ስለሚወጣ አብዛኛውን ጊዜ ቪፒኤኑን ይጠቀማል። ብሪጅ ግን ጌስቱን ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ኔትወርኩ ላይ ያስቀምጠዋል።

የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ ያሉ ሰዎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። የሆስቱ ፕሮክሲ (ወደ ኢንተርኔት የሚያሳልፈው የመሃል ሰርቨር) ወደ ጌስቱ በራሱ አይተላለፍም። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቲፊኬትም (የግንኙነቱ ዲጂታል መታወቂያ) እንዲሁ። ሆስቱ ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ሆኖ ጌስቱ «ሰርቲፊኬቱን አላምነውም» ካለ፣ ያንን ሰርቲፊኬት ጌስቱ ውስጥም መጫን ያስፈልጋል።

ትናንት ሲያወርድ ነበር፣ ዛሬ ሰርቲፊኬቱ ልክ አይደለም ይላል

ሰዓቱን ይዩ። ማሽኑን ሰስፔንድ አድርገው ቆይተው ከከፈቱት፣ ወይም እየሠራ ሳለ ወደተወሰደ የቆየ ስናፕሾት ከመለሱት፣ ጌስቱ ገና በዚያን ዕለት እየኖረ ሊሆን ይችላል። ኡቡንቱ ላይ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የኡቡንቱ ሶፍትዌር መጫኛ የሆነው አፕት «ሪሊዝ ፋይሉ ገና አልጸናም፣ ይህን ያህል ሰዓት ይቀረዋል» ይላል። ለጌስቱ ፋይሉ የመጣው ከነገ ነው።

ሊኑክስ ላይ «ታይም ዴት ሲቲኤል» (timedatectl) በሚለው ኮማንድ ሰዓቱን አይተው የኢንተርኔት ሰዓት ማስተካከያውን ያብሩ። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ሴቲንግ ውስጥ «ሲንክ ናው» አለ። የሰርቲፊኬት ፍተሻውን ማጥፋት ደግሞ መፍትሄ ተብሎ በየቦታው ይመከራል። እኔ አልመክርም። የሚያጠፉት በሩን የሚጠብቀውን ዘበኛ ነው፣ ሰዓቱ ግን እንደተሳሳተ ይቀራል።

404፣ ማለትም ፋይሉ አልተገኘም፣ የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጌስቱ አርጅቷል። ለምሳሌ ሴንትኦኤስ 8 የሚባለው ሊኑክስ ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው፤ ፓኬጆቹ ከተለመደው ቦታ ተነስተው ወደ ማኅደር ገብተዋል። የቆዩ ኡቡንቱዎችም እንዲሁ። አድራሻውን ወደ ማኅደሩ ማዞር ለጊዜው ያሠራል። ጤነኛው መንገድ አዲስ ሲስተም መጫን ነው።

«ኪልድ» ብሎ ብቻ ይቆማል

ማብራሪያ የለም፣ ሎግ የለም፣ አንድ ቃል ብቻ። አንዳንዴ 137 የሚል ቁጥር ይከተላል። ራም አልቆ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ ፕሮግራሙን ገድሎታል። የከርነሉን መልእክቶች በሚያሳየው «ዲሜሴጅ» (dmesg) ውስጥ ሲያዩ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ያገኛሉ።

ራም መጨመር የመጀመሪያው መልስ ነው። ግን ለሆስቱም ይተዉለት፤ ሆስቱ ሲታፈን ጌስቱም አብሮ ይታፈናል። ራም መጨመር ካልቻሉ ስዋፕ ፋይል (ዲስክ ላይ ያለ የራም ምትክ) ይፍጠሩ። ሶፍትዌሩ ከምንጭ ኮዱ የሚጠናቀር ከሆነ ደግሞ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። ብዙ የፕሮሰሰር ኮር በሰጡት ቁጥር ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይጀምራል፣ ራሙንም በዚያው ልክ ይበላል። ኮር መቀነስ እዚህ ላይ ያፈጥናል እንጂ አያዘገይም።

ተጭኖ ያልቃል፣ ሲከፈት «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ይላል

ፕሮሰሰሩ አዲስ ነው፣ ጌስቱ የሚያየው ፕሮሰሰር ግን አሮጌ ነው። ታዋቂው ምሳሌ ሞንጎዲቢ የተባለው ዳታቤዝ ነው። ከ5.0 ጀምሮ ኤቪኤክስ የሚባለውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይፈልጋል። ኬቪኤም (የሊኑክስ የራሱ ቨርችዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ ጠቅላላ የሆነ የፕሮሰሰር ዓይነት ከተመረጠ ኤቪኤክስ ለጌስቱ ላይታይ ይችላል። ሴቲንጉ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ዓይነት «ሆስት» ያድርጉት።

ዊንዶውስ ሆስት ላይ ቨርችዋልቦክስ የሚጠቀሙ ከሆነ መስኮቱን ከታች በኩል ይዩት። አረንጓዴ ኤሊ ካለች ቨርችዋልቦክስ በሃይፐር-ቪ (የዊንዶውስ የራሱ ቨርችዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ ተደርቦ እየሠራ ነው ማለት ነው። ኤሊዋ በከንቱ አልተመረጠችም። ፍጥነቱም ይወርዳል፣ አንዳንድ የፕሮሰሰር ችሎታዎችም ሊደበቁ ይችላሉ። ሃይፐር-ቪን ማጥፋት ይቻላል። ነገር ግን ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው ደብልዩኤስኤል 2 እና ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው ጥበቃም በእሱ ላይ ስለሚቆሙ አብረው ይወድቃሉ። አስበውበት ያድርጉት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ጉዳይ አለ። ዶከር ዴስክቶፕ ወይም የአንድሮይድ ኢሙሌተር ጌስት ውስጥ ሲጫን «ቨርችዋላይዜሽን አልበራም» ይላል። እነሱም በራሳቸው ቨርችዋል ማሽን ይፈልጋሉ። ማሽኑን አጥፍተው ከፕሮሰሰር ሴቲንጉ «ኔስትድ» (በማሽን ውስጥ ማሽን) የሚለውን ያብሩ። ለሊኑክስ ኮንቴይነር ብቻ ከሆነ ግን ሊኑክስ ጌስት ውስጥ ተራውን ዶከር ኢንጅን ይጫኑ። እሱ ይህን ሁሉ አይጠይቅም።

«ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» የሚል መልእክት

ይህ በተለይ ኤም1 እና ከዚያ ወዲህ የመጡ ማኮች ላይ ይታያል። እነዚህ ማኮች ፕሮሰሰራቸው አርም ነው፣ ጌስቱም አርም ይሆናል። ለኢንቴል የተሠራ ፋይል አይገባውም። የአርም64 ፓኬጅ ያውርዱ። ዊንዶውስ 11 ለአርም የኢንቴል ፕሮግራሞችን እያስመሰለ ያስኬዳል፤ ድራይቨር ግን አያስመስልም። ስለዚህ የራሳቸው ድራይቨር ያላቸው አንዳንድ ቪፒኤኖችና ጸረ ቫይረሶች እዚያ አይሠሩም። ቢለምኑትም።

ዊንዶውስ 11 ራሱ አልጫን ካለ

ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል፦ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ)፣ ሴኪውር ቡት (ሲስተሙ ሲነሳ ፊርማ የሚፈትሽ ጥበቃ)፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ። ቨርችዋልቦክስ ቲፒኤምን የጨመረው በ7.0 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለ ቨርዥን ከያዙ አፕዴት ያድርጉ።

ጌስት አዲሽንስ ሊኑክስ ላይ አልጫን ሲል

የማሽኑ ስክሪን ትንሽ ሆኖ ቀርቷል፣ ኮፒ ፔስትም የለም። እነዚህን የሚያመጣው ጌስት አዲሽንስ የተባለው የቨርችዋልቦክስ አጋዥ ፕሮግራም፣ ከርነሉ ላይ የሚጣበቅ ሞጁል እዚያው ይሠራል። ለዚህ ኮምፓይለርና አሁን እየሠራ ካለው ከርነል ጋር የሚገጥም ሄደር (የከርነሉ ኮድ መግለጫ ፋይሎች) ያስፈልገዋል። ከርነሉን አፕዴት አድርገው ሪስታርት ካላደረጉ ሄደሩ የአዲሱ፣ የሚሠራው ከርነል የአሮጌው ይሆናል። መጀመሪያ ሪስታርት፣ ከዚያ ጭነት። ሞጁሉ ተሠርቶ አልነሳም ካለ ደግሞ ሴኪውር ቡት ፊርማ የሌለውን ሞጁል እየመለሰው ሊሆን ይችላል። ሞጁሉን በራስዎ ቁልፍ ይፈርሙ፣ አለዚያ ለዚያ ማሽን ብቻ ሴኪውር ቡትን ያጥፉ።

ሼርድ ፎልደር ውስጥ ኤንፒኤም ይወድቃል

ኤንፒኤም የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች መጫኛ ነው፤ ሼርድ ፎልደር ደግሞ ሆስቱና ጌስቱ የሚጋሩት ፎልደር። ምልክቱ «ሲምሊንክ» (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክት አቋራጭ) የሚል ቃል ያለበት ኤረር ነው። ቨርችዋልቦክስ ለደኅንነት ሲል ሼርድ ፎልደር ውስጥ ሲምሊንክ መፍጠርን ይከለክላል። ፕሮጀክቱን ወደ ጌስቱ የራሱ ዲስክ ያዛውሩትና እዚያ ይጫኑ። ፍጥነቱም ይሻላል።

«ሎኩን ማግኘት አልተቻለም»

ኡቡንቱ እንደተከፈተ ከጀርባ አፕዴት ይጀምራል፣ እርስዎም በላዩ ይጭናሉ። ትንሽ ይታገሱ። ሁለት ጭነት በአንድ ጊዜ እንዳይሠራ የሚከለክለውን የሎክ ፋይል አጥፉት የሚለውን ምክር ይተዉት፤ ግማሽ የተጫነ ፓኬጅ ትቶልዎት ይሄዳል።

ሶፍትዌሩ ራሱ ቨርችዋል ማሽን የማይፈልግ ከሆነ

አንዳንድ ጌሞች በጸረ ማጭበርበሪያቸው ምክንያት ቨርችዋል ማሽን መሆኑን አውቀው ይዘጋሉ። ይህን ለማታለል ሲታገሉ አካውንትዎ ሊታገድ ይችላል፤ ሆስቱ ላይ ይጫወቱ። ላይሰንሱ ከማሽኑ ማንነት ጋር የታሰረ ሶፍትዌር ግን ሌላ ነው። ማሽኑን ኮፒ ሲያደርጉ የኔትወርክ ካርዱ ማክ አድራሻ (የካርዱ መለያ ቁጥር) አዲስ ይሆንና ላይሰንሱ ይሰበራል። ቨርችዋልቦክስ ኮፒ ሲያደርግ ስለ ማክ አድራሻው ይጠይቃል። የድሮው እንዲቀጥል ይምረጡ፤ ሁለቱን ማሽኖች ግን አንድ ኔትወርክ ላይ በአንድ ጊዜ አያብሯቸው።