የአያት የብራና ዳዊት እንዴት ይያዛል?

አንዳንድ ቤት ውስጥ ከማኅደሩ፣ ማለትም ከቆዳ ማስቀመጫው፣ ሳይወጣ ዓመታት ያለፉት የብራና ዳዊት አለ። አያት ሲያርፉ ወይም ቤት ሲታደስ ከልጆች የአንዱ እጅ ይገባል። ወዲያው «እስኪ ላጽዳው፣ ልጠግነው» ይባላል። አደራ፣ አትቸኩሉ። አሮጌ ብራና ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በደግ ሐሳብ ነው።

መጀመሪያ እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ጓንት አያስፈልግም፤ ጣት የገጹን ዳር በትክክል ካልዳሰሰው መቅደድ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ነጠላ አንጥፉ። ሁለት ፎጣ ጠቅልሉና የእንጨት ሽፋኖቹን በግራና በቀኝ አስደግፏቸው። ጥራዙን የያዘው ክር ነው፤ በግድ ከዘረጋችሁት ይበጠሳል።

አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉ። እርጥብ ጨርቅ በፍጹም! ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ብራናውም ቆዳ ነውና ይጨማደዳል። ስኮች ደግሞ የባሰ ነው፤ ሲነሳ ፊደሉን ይዞ ይነሳል። በክር የተሰፋ ቀዳዳ ካያችሁ ፊደሎቹን ልብ በሉ። ስፌቱን ዞረው ካለፉ፣ ከመጻፉ በፊት የተሰፋ ነው። ዳር ላይ የተንጠለጠሉ ባለቀለም ክሮችንም አትቁረጡ፤ አንባቢው የሚፈልገውን ቦታ የሚያገኝባቸው ምልክቶች ናቸው።

ቀጥሎ ፎቶ አንሱ። ቀን ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል። ባዶ የሚመስሉትን ገጾች እንዳትዘሉ! የልደት ቀን፣ የመሬት ሽያጭ፣ የስጦታ ቃል የሚጻፈው እዚያ ነው። በጸሎቱ መሃል የባለቤቱ ስም ይገባል። መጽሐፉ ባለቤት ሲቀይር የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። የተፋቀ ቦታ ካገኛችሁ ቀረብ ብላችሁ ለብቻው አንሱት።

ስትጨርሱ ወደ ማኅደሩ መልሱት። ከወለል፣ ከማድቤት ጭስና ከአይጥ አርቁት። ፌስታል ውስጥ ግን አታስገቡት፤ እርጥበት ያፍናል።

የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ አዛውንት በቅርባችሁ ካሉ ፎቶዎቹን ይዛችሁ ሂዱ። ዳዊቱን ብዙዎቹ በቃላቸው ይወጡታል። እናንተ ግን በኅዳጉ ላይ የተጻፈውን እንዲያነቡላችሁ ለምኑ፤ ድምፃቸውንም ቅረጹ።